እኔን «ወፍራም» ያለኝ ወረቀት ወንድሜን ለምን «ጤናማ» አለው?

ጥያቄ

ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። 36 ዓመቴ ነው። ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ቢሮ ውስጥ በሒሳብ ሥራ ተቀጥሬ እሠራለሁ። ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስወጣ መንገድ ዳር ቁመትና ክብደት የሚለካ ማሽን ላይ ወጣሁ። 1 ሜትር ከ58፣ 68 ኪሎ ሆንኩ። የወጣልኝ ወረቀት «ቢኤምአይ 27.2፣ ከመጠን ያለፈ ክብደት» ይላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳ ትቻለሁ። ጠዋት ጠዋት ሎሚ በሙቅ ውሃ እጠጣለሁ። ታላቅ ወንድሜም ልክ እንደኔ 68 ኪሎ ነው፤ ግን ረጅም ነው፣ 1 ሜትር ከ76። እሱን ማሽኑ 22 ብሎ «ጤናማ» አለው። ነገር ግን ባለፈው ወር ስኳር እንዳለበት ተነግሮታል። እጅና እግሩ ቀጭን ነው፣ ቦርጭ ግን አውጥቷል። ይሄ ቁጥር የሚለካው ምኑን ነው? ልመነው ወይስ ልተወው?

ምላሽ

እህቴ፣ ከሁሉም በፊት ነገ ምሳሽን ብዪ። የቀረውን ተረጋግተን እንነጋገራለን።

ጥያቄሽን ሳነብ ደስም አለኝ፣ ከፋኝም። ደስ ያለኝ አንቺና ወንድምሽ የዚህን መለኪያ ትልቁን ጉድለት እዚያው ቤታችሁ ውስጥ ስላገኛችሁት ነው። የከፋኝ ደግሞ በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ምክንያት መራብሽ ነው። የምሠራበት ክሊኒክ መሀል ከተማ ነው። ከስታዲየም ወደ ለገሃር፣ ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ስትሄጂ ሚዛን ይዘው የሚቀመጡ ልጆች ታያለሽ። አሁን ደግሞ ቁመት ጨምሮ የሚለካውና ወረቀት የሚያወጣው መጥቷል። ወረቀቱን ቦርሳቸው ውስጥ አጣጥፈው ይዘውልኝ የሚመጡ ሰዎች አሉ። አንዳንዶቹ በጣም ተጨንቀው ይመጣሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ መጨነቅ ሲገባቸው ዘና ብለው ይመጣሉ። እኔን ይበልጥ የሚያሳስቡኝ ሁለተኞቹ ናቸው።

ቢኤምአይ ማለት ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያነጻጽር ቁጥር ነው፤ ማሽኑ ያደረገውን ስሌት አብረን እንሥራው። አንቺ የሒሳብ ሰው ስለሆንሽ አይከብድሽም። ቁመትሽን በሜትር ወስደሽ በራሱ አባዢው፤ 2.5 ገደማ ይሆናል። 68 ኪሎውን ለዚያ ስታካፍዪ 27.2 ይመጣል። የወንድምሽ ቁመት በራሱ ሲባዛ 3.1 ገደማ ነው። ያው 68 ኪሎ ለዚህ ሲካፈል 22 ገደማ ይሆናል። በቃ፣ ማሽኑ የሚያውቀው ይህንኑ ነው። ዕድሜሽን አያውቅም። ሴት መሆንሽን አያውቅም። ከ68 ኪሎው ስንቱ ጡንቻ፣ ስንቱ አጥንት፣ ስንቱ ስብ እንደሆነ አያውቅም። ስቡ ዳሌሽ ላይ ይሁን ሆድሽ ውስጥ፣ እሱንም አያውቅም። በዓለም ጤና ድርጅት አከፋፈል ከ18.5 በታች ከሆነ ክብደት ያነሰው፣ ከ25 በታች ጤናማ፣ ከ25 እስከ 30 ከመጠን ያለፈ፣ 30 እና ከዚያ በላይ ደግሞ ከልክ ያለፈ ውፍረት ይባላል። ወረቀትሽ ላይ ያለው ቃል የተወሰደው ከዚሁ ነው።

ቀመሩን ያወጣው ሐኪም አልነበረም። አዶልፍ ኬትሌ የሚባል ቤልጂየማዊ የሒሳብና የሥነ ፈለክ ሊቅ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1830ዎቹ። ሰውየው «አማካይ ሰው» ምን እንደሚመስል በቁጥር ለማወቅ ይፈልግ ነበር። የብዙ ሰዎችን ልኬት ሲያጠና የአዋቂ ሰው ክብደት ከቁመቱ ጋር በምን መጠን እንደሚሄድ አገኘ። አንድን ሰው ከፊቱ አቁሞ «ታመሃል» ወይም «ድነሃል» ለማለት አላሰበም። በ1972 ደግሞ አንሰል ኪስ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ይህንን ቀመር ከሌሎች ጋር አወዳደረ። የአምስት አገር ከ7 ሺህ በላይ ሰዎችን ልኬት ተጠቅመው ይሄኛው ይሻላል አሉና ዛሬ የምንጠራበትን «ቢኤምአይ» የሚለውን ስም ሰጡት። እነዚያ ሰዎች ሁሉም ወንዶች ነበሩ። አንዲትም ሴት አልነበረችበትም። ይህንን የምነግርሽ ወረቀቱን ስታነቢ ከማን ጋር እየተወዳደርሽ እንደሆነ እንድታውቂ ነው።

ድንበሮቹስ? እነሱንም ያሰመረው ሰው ነው። እስከ 1998 ድረስ አሜሪካ ውስጥ አንዲት ሴት «ከመጠን ያለፈ ክብደት» አላት የሚባለው ከ27.3 ጀምሮ ነበር፤ ለወንድ 27.8። በዚያ ዓመት ድንበሩ ለሁለቱም ወደ 25 ወረደ። በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው አንድ ኪሎ ሳይጨምር ስሙ ተቀየረ። ያንቺ 27.2 በ1997 ቢሆን ኖሮ እዚያ አገር ሐኪም ምንም አይልሽም ነበር። በሌላ በኩል የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም በ2022 ባወጣው ምክር፣ ትውልዳቸው ከአፍሪካና ከእስያ ለሆነ ሰዎች ከ23 ጀምሮ ጥንቃቄ ይጀመር፣ 27.5 ላይ ደግሞ እንደ ከልክ ያለፈ ውፍረት ይታይ ይላል። በዚያኛው ብትለኪ ጫፍ ላይ ነሽ። አየሽ፣ ሰውነትሽ ያው ነው፤ ስሙ ግን እንደ አገሩና እንደ ዘመኑ ይለዋወጣል። እውነተኛው አደጋ እንደ አጥር አንድ ቦታ ላይ አይጀምርም። ቀስ እያለ ነው የሚወጣው። 24.9 ያለው ሰው ነጻ፣ 25.1 ያለው ደግሞ በሽተኛ አይደለም።

ታዲያ ቁጥሩ ለምን ይጠቅማል? ይጠቅማል፣ ጣይው አልልሽም። የአንድን ከተማ ወይም አገር ሕዝብ በጅምላ ለማየት ከዚህ የቀለለና የረከሰ መለኪያ የለም። የራስሽን ለውጥ ከዓመት ዓመት ለመከታተልም ጥሩ ነው። በሁለቱ ጫፎች ላይ ደግሞ ብዙ አይሳሳትም። 38 ያወጣ ሰው ጡንቻ ነው ብሎ ራሱን ማታለል የለበትም። 16 ያወጣም «ተፈጥሮዬ ነው» ብሎ መተው የለበትም፤ ቲቢ ሊሆን ይችላል፣ እንቅርት ሊሆን ይችላል፣ የአንጀት ሕመም ሊሆን ይችላል፣ ምግብ ማጣትም ሊሆን ይችላል። ስለ ውፍረት ብቻ ስናወራ ይሄ ወገን እንዳይረሳ እፈልጋለሁ። ነፍሰ ጡር፣ ጡንቻው የዳበረ የቀን ሠራተኛ ወይም ስፖርተኛ፣ በልብ ወይም በኩላሊት ሕመም ሰውነቱ ውሃ የቋጠረ ሰው፣ እነዚህ በዚህ ቁጥር አይዳኙም። ሕፃናትና ወጣቶችም የራሳቸው የዕድሜ ሰንጠረዥ አላቸው። የልጅሽን ቁጥር በአዋቂ ወረቀት እንዳታነቢ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ወንድምሽ ቦርጭ ልምጣ።

በሬ ሲታረድ አይተሽ ታውቂያለሽ ብዬ ልገምት። ስቡ ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ከቆዳው ሥርና በሥጋው መሀል ያለው ጮማ ነው። ሁለተኛው ሆዱ ሲከፈት አንጀቱን እንደ ነጠላ ሸፍኖት የምታገኚው ሞራ ነው። ሰውም እንደዚያው ነው። ዳሌና ጭን ላይ ከቆዳ ሥር የሚቀመጠው ስብ ረጋ ያለ ነው፤ እንደ ጎተራ ይዞ ይቀመጣል። ሆድ ውስጥ ያለው ግን አርፎ አይቀመጥም። ስቡን ወደ ደም ይለቃል፤ ከአንጀት አካባቢ የሚነሳው ደም ደግሞ በቀጥታ ወደ ጉበት ነው የሚገባው። ጉበት በስብ ይሞላል። ያኔ የደም ስኳርን የሚያወርደው ኢንሱሊን የሚያዘውን መስማት ያቆማል። ጣፊያችን አጠገብ ያለው ቆሽት ይህንን ለማካካስ አብዝቶ ያመርታል፣ ዓመታት ይለፋል፣ በመጨረሻ ይደክማል። ስኳር ከፍ ይላል። የደም ግፊቱና መጥፎው የደም ቅባትም አብረው ይመጣሉ። የጥንት ሰዎች ሞራ ገላጭ አስጠርተው መጪውን ያስነብቡ ነበር። እኔ በሙያዬ የማምነው ይሄንን ነው፤ በሰው ሆድ ውስጥ ያለው ሞራ ስለ መጪዎቹ አሥር ዓመታት ብዙ ይናገራል። ሚዛኑ ግን አያየውም።

ወንድምሽ ላይ የሆነው ይህ ሳይሆን አይቀርም። ቀጭን እጅና እግር ማለት ጡንቻው ትንሽ ነው ማለት ነው። ጡንቻ ከስብ ይከብዳል። ስለዚህ ጡንቻ ያነሰውና ሆዱ ውስጥ ስብ የያዘ ሰው ሚዛን ላይ ሲወጣ ቁጥሩ ቆንጆ ይሆናል። በዚያ ላይ የእግር ርዝመት አለ። እኛ አካባቢ እግረ ረጅም ሰው ብዙ ነው። ከቁመቱ ብዙው እግር የሆነ ሰው ተመሳሳይ ስብ ይዞም ቢኤምአዩ ዝቅ ብሎ ይወጣል። ረጃጅም አርብቶ አደሮችን የለኩ ተመራማሪዎች ይህንን ካስተዋሉ ቆይተዋል። አገራችን ውስጥ «ስኳር የወፍራም በሽታ ነው» የሚለው አባባል ስንቱን ሰው እንደጎዳ በየቀኑ አያለሁ።

አንዱን ልንገርሽ። ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት አንድ የታክሲ ሹፌር ለሌላ ጉዳይ መጥቶ ነበር። ለካሁት፣ ቢኤምአዩ 23 ወጣ። «ክብደትህ ጥሩ ነው» ብዬ አሰናበትኩት። ሸሚዙ ሆዱ ላይ ተወጥሮ እንደነበር አሁንም ትዝ ይለኛል። ከሁለት ዓመት በኋላ እግሩ ላይ አልድን ያለ ቁስል ይዞ ተመለሰ። ስኳሩ በጣም ከፍ ብሎ ነበር። ያኔ ሜትር አንስቼ ወገቡን ብለካው፣ አንድ ጠብታ ደም ብወስድ ኖሮ እዚያ ባልደረሰ። ሰውየው አልወቀሰኝም። እኔን ግን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ከዚያ ወዲህ ወገብ ሳልለካ የማሰናብተው አዋቂ ታካሚ የለም።

ስለዚህ ሜትር ያስፈልግሻል። ልብስ ሰፊዎች የሚጠቀሙበት ያ ተጣጣፊው ሜትር ይበቃል። ጠዋት ሳትበዪ፣ ልብስሽን ገልጠሽ ቁሚ። የመጨረሻውን የጎድን አጥንት በጣትሽ ፈልጊ፣ የዳሌ አጥንትሽን ጫፍም ፈልጊ፤ የሁለቱ መሀል ላይ ሜትሩን አዙሪ። ሆድሽን አትሳቢ። ትንፋሽሽን በዝግታ አውጪና ያኔ አንብቢ። የሱሪ ቁጥር ምትክ አይሆንም። ወንዶች ቀበቷቸውን ከቦርጩ ሥር አውርደው እያሰሩ «ያው 32 ነኝ» ይላሉ። ሆዱ ግን ከላይ ነው ያለው።

ቁጥሩን እንዴት ታነቢዋለሽ? ቀላሉ መንገድ ወገብሽ ከቁመትሽ ግማሽ እንዳይበልጥ ማድረግ ነው። ላንቺ ግማሹ 79 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ለወንድምሽ 88። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ለሴት ከ80፣ ለወንድ ከ94 ሴንቲ ሜትር በላይ አደጋው መጨመር ይጀምራል፣ ከ88 እና ከ102 በላይ በጣም ይጨምራል ይላል። አንቺ 76 ብትሆኚና ወንድምሽ 93 ቢሆን አልደነቅም። እንዲያ ከሆነ 68 ኪሎው ላንቺ ዳሌሽ ላይ፣ ለሱ ሆዱ ውስጥ ነው ማለት ነው። ወገብሽ 90 ቢሆን ግን ማሽኑ ባጋጣሚ እውነቱን ነግሮሻል። ሳትለኪ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ እኔም ከዚህ ሆኜ ልነግርሽ አልችልም።

ይህ የኔ የብቻዬ ሐሳብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ሥር ከተለያዩ አገራት የተሰባሰቡ ባለሙያዎች አንድ ሰው በቢኤምአይ ብቻ የውፍረት ሕመም አለበት መባል የለበትም ብለዋል። ወገብ ይለካ፣ አካሉ ላይ የደረሰ ጉዳት ካለም ይታይ ነው የሚሉት።

ሌላው ማየት ያለብሽ ከቆዳ በታች ያለውን ነው። ሦስት ነገር፦ የደም ግፊት፣ በባዶ ሆድ የተወሰደ የስኳር ምርመራ፣ የደም ቅባት። ግፊትሽ በተለያየ ቀን ሲለካ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም በባዶ ሆድ ስኳርሽ ከ100 ካለፈ፣ ወረቀቱ 22 ቢልም 27 ቢልም ሐኪም ጋ መሄድ አለብሽ። የወንድምሽ እህት ነሽ። የሥጋ ዘመድ ስኳር ካለበት ያንቺም ዕድል ከሌላው ሰው ከፍ ይላል። እኔን ከ27.2 ይልቅ ይሄኛው ነው ቀድሞ የሚያሳስበኝ።

የወንድምሽ ነገር ጊዜ አይሰጥም። ስኳር አለብህ የተባለው በባዶ ሆድ 126 እና ከዚያ በላይ ወጥቶ፣ በሌላ ቀንም ተደግሞ ከሆነ ምርመራው ትክክል ነው። «ቀጭን ነኝ፣ ተሳስተው ነው» ብሎ መድኃኒቱን እንዳይተው። በቀጭን ሰው ላይ የሚመጣ ስኳር ደግሞ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ኢንሱሊን ከመጀመሪያው የሚያስፈልገው ዓይነትም አለ። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽንም በ2025 ከልጅነት የምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ዓይነት አምስተኛ ብሎ ተቀብሎታል። ስለዚህ ሐኪሙን «የኔ የትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቅ። በቅርቡ ያለ ምክንያት ከከሳ፣ ውሃ ውሃ ካሰኘው፣ ሌሊት ለሽንት ደጋግሞ ከተነሳ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቅ ይሂድ።

አሁን ወዳንቺ። ሎሚ በሙቅ ውሃ ከወደድሽው ጠጪው፣ ስብ ግን አያቀልጥም። ምሳ መተው ደግሞ አመሻሹ ላይ ያስከፍልሻል። ርቦሽ ቤት ትገቢያለሽ፣ ሁለት እንጀራ ሳታውቂው ያልቃል፣ ከዚያ እንቅልፍ። መደብር ውስጥ የሚሸጡትን የማቅጠኛ ሻዮች እባክሽን አትንኪ። ብዙዎቹ የሚያስቀምጥ ቅጠል ያለባቸው ናቸው። የሚያወጡልሽ ውሃ ነው፣ ሚዛኑ ለሦስት ቀን ያታልልሻል።

ወገብሽ ከ80 በላይ ከሆነ ግብሽን ትንሽ አድርጊው። ማሽኑ «ጤናማ» እንዲልሽ 62 ኪሎ መድረስ ይኖርብሻል። እኔ እሱን አልጠይቅሽም። ከክብደትሽ አምስት በመቶ፣ ማለትም 3 ኪሎ ተኩል ገደማ ብትቀንሺ ግፊቱም ስኳሩም ለውጡን ያሳያሉ። በ2002 የወጣ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ስኳር ሊይዛቸው የተቃረቡ ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። ግባቸው ከክብደታቸው ሰባት በመቶ መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ ነበር። ስኳር የሚይዛቸው ሰዎች ቁጥር በ58 በመቶ ቀነሰ። 150 ደቂቃ ማለት በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ግማሽ ሰዓት ነው። ከሜክሲኮ እስከ ስታዲየም በእግርሽ ሄደሽ ታክሲውን እዚያ ብትይዢ ከዚያ የተወሰነውን ጨረስሽ። ማልዶ መነሳት ካልከበደሽ መስቀል አደባባይ ደረጃውን ከሚወጡት ሰዎች ጋር ተቀላቀዪ። ከእነሱ መሀል ቢኤምአያቸው 27 እና 28 የሆነ፣ ልባቸው ግን ከኔ የተሻለ ሰዎች አሉ።

ምግቡ ላይ ብዙ አልልም፤ አንድ ነገር ብቻ። ጾምን የማቅጠኛ ወቅት አድርገው የሚያስቡ ታካሚዎች አሉኝ። ሥጋና ቅቤ ቀርቶ በምትኩ ፓስታ፣ ሳምቡሳ፣ ቦምቦሊኖ፣ ዘይት የበዛበት ወጥ፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻይ ከሆነ ወገቡ አይቀንስም። ሽሮውና ምስሩ ጥሩ ነው፣ ጎመኑ ጥሩ ነው። ዘይቱንና ስኳሩን ለካ አድርጊ። እንጀራውን በአንድ ይብቃ።

ደግሞ ሰው የሚልሽን አውቃለሁ። ቢሮ ስትገቢ «ወፈርሽ፣ ተመችቶሻል» ይሉሻል። ብትቀንሺ «ምነው ከሳሽ? ደህና ነሽ?» ይሉሻል። ኤችአይቪ ብዙ ቤት ባዶ ያደረገበትን ጊዜ ያየን ሰዎች መክሳትን የምንፈራው በምክንያት ነው። ያኔ የከሳ ሰው በሹክሹክታ ይታማ ነበር። እናቶቻችን ሞልቶ የሚታይ ጉንጭ ሲያዩ «ተመስገን» የሚሉት ከዚያ ፍርሃት ነው። አትቀየሚያቸው። ግን በእነሱም አስተያየት፣ በማሽኑም ወረቀት ጤናሽን አትለኪ።

ቅዳሜ ወንድምሽን ቤትሽ ጥሪውና ምሳ አብራችሁ ብሉ። ከምሳ በፊት ሜትሩን አውጪ፣ እሱ ይለካሽ፣ አንቺም ለኪው። ሁለቱን የወገብ ቁጥሮች፣ የግፊትሽን ልኬትና በባዶ ሆድ የወጣውን ስኳርሽን ጻፊልኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ክብደትሽ የሚባል ነገር ካለ ያኔ እነግርሻለሁ።